የተወጠረው ገመድ

አንድ ባለጠጋ ነበረ። ባህሩ፣ ለጤና ጣቢያው ለምትሠራው የታካሚ መዝገብ ማሽን «ይኼኛው ሚሞሪ ካርድ ሲጽፍ መስመሩን እየያዘ ያስጠብቀኛል፤ ቶሎ ዝግጁ ነኝ የሚለውን ብንገዛስ?» ብለህ ለጠየቅኸኝ መልሱ እሱ ቤት ነውና ስማኝ።

ባለጠጋው ማሽላውን የሚያኖረው በጉድጓድ ነበር። ሎሌው ታች ይገባል፣ እሱ ከላይ ቆሞ ጆንያ ያስወርዳል። ጉድጓዱ ጥልቅ ስለሆነ ከታች የሚነገረው ከላይ አይሰማም፤ ስለዚህ በአገሩ የሚግባቡት በገመድ ነው። ጆንያ ሲወርድለት የታችኛው ሰው ገመዱን ወጥሮ ካስማ ላይ ያስረዋል። ማሽላውን ዘርግቶ ይረግጣል፣ ርጥበት እንዳይገባም ከግድግዳው ጋር ጭድ ይጠቀጥቃል። ሲጨርስ ገመዱን ይለቀዋል። ገመዱ ተወጥሮ ሳለ ሌላ ጆንያ አይወርድም።

ይህ ባለጠጋ ግን መጠበቅ አይወድም። የጎረቤቱ ጉድጓድ ቀድሞ ሲከደን አየና ደሙ ፈላ። ሎሌው ለምሳ ሲወጣ በሰው ፊት አዋረደው።

«አንተ ሰነፍ፣ እዚያ ገብተህ ትተኛለህ? ነገም ገመዱን እንዲህ ከያዝክብኝ የምታርሰውን መሬቴን ለሌላ ነው የምሰጠው።»

ሎሌው ሚስትና ልጆች አሉት። የዓመት ድርሻውም የሚቀመጠው በዚያው ጉድጓድ ነው። በማግስቱ ወርዶ ጥቂት አሰበ፤ ከዚያ ጆንያው ገና መሬት ሲነካ ገመዱን ለቀቀ። ጭዱን ተወው። ባለጠጋው ደስ ብሎት «ሰው ማለት እንዲህ ነው» አለና ማታ አዲስ ጋቢ ሸለመው።

ክረምት ገብቶ የየቤቱ እህል ሲያልቅ ጉድጓዱ ተከፈተ። ከእህሉ በፊት ሽታው ወጣ። ርጥበቱ ከግድግዳው እስከ መሃል ዘልቆ ማሽላው ጠቁሯል።

«ገመዱን ለቀህልኝ አልነበረም ወይ?» አለ ባለጠጋው።

«ለቅቄ ነበር፣ ጌታዬ። ስይዘው አዋረዱኝ፣ ስለቀው ሸለሙኝ።»

ባለጠጋው ሌላ ጉድጓድ ነበረው። ሎሌው አልነበረውም። ያን ክረምት ትንሿን ልጁን ቀበረ፤ የገነዛትም በዚያው ጋቢ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔን የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ የቸኮለው ሌላ፣ የተራበው ሌላ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ባህሩ፣ ከላይ የቆመው ማሽንህ ነው፣ ታች ያለው ካርድህ። «ይህን ጻፍ» ብሎ ሲያዘው ካርዱ የሚያገናኛቸውን የኤሌክትሪክ መስመር እንደ ገመዱ ይይዝበታል፤ ጽፎ ሲጨርስ ይለቅለታል። መያዙ ስንፍና አይደለም፣ «ገና ነኝ» ማለቱ ነው። እኛ ግን ገበያ ወጥተን የያዘውን እየሰደብን የለቀቀውን እንሸልማለን። አንዳንዱ ሠሪም ጠባያችንን አውቆ፣ ሳይጽፍ «ጨርሻለሁ» የሚል ካርድ ያቀርብልናል። መዋሸትን ያስተማርነው እኛው ነን።

መብራት እንደሆነ እዚህ አገር ሳይነግርህ ይሄዳል። ካርዱ ጨርሻለሁ ካለ በኋላ፣ ሳይጽፍ መብራት ቢሄድ የሚጠፋው ያንተ ነገር አይደለም። የመርፌዋ መጠን ያን ሰዓት እየተመዘገበ የነበረ አንዲት ታማሚ አለች፤ ተረኛዋ ነርስ ማሽኑን ከፍታ የሴትዮዋን መዝገብ ባዶ ስታገኘው፣ ያልተወጋች መስሏት እንደገና ትወጋታለች፤ መድኃኒቱም ይበዛባታል። አንተ በማግስቱ ሌላ ካርድ ትገዛለህ። ሴትዮዋን ከየት ትገዛታለህ?