ብረት በጆሮ የሚመርጡት ሼህ ቡሽራ

አላህ ይዘንላቸውና፣ በአንዲት ጥንታዊት ከተማ፣ ከጁምዓ መስጂዱ አጠገብ ሼህ ቡሽራ የሚባሉ ቢላ ሠሪ ነበሩ። ኪታብ ያቀራሉ፤ የሚበሉት ግን ከእጃቸው ሥራ ነው።

ብረት የሚመርጡት በጆሯቸው ነበር። ከአሮጌ መኪና የወረደ ባሌስትራ ነው ተብሎ የመጣላቸውን በክር አንጠልጥለው በመዶሻ መታ ያደርጉታል። እውነተኛ ባሌስትራ ድምፁ ይረዝማል፤ ስለትም ይይዛል። ተራ ብረት ግን ዱብ ብሎ ዝም ይላል፤ ቢስሉትም ወዲያው ይዶለዱማል። የከተማው ሰው እሳቸው ሰምተው ያላሳለፉትን ብረት አያምንም።

አንድ ዓመት ለአረፋ አምስት ቀን ሲቀረው፣ የሰፈሩን ኡድሒያ፣ የአረፋውን መሥዋዕት በግ፣ የሚያርደው ከማል ከእሳቸው ቢላ ገዛ። መስጂዱ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የእርስዎን ጆሮ አላህ ያቆይልን» ብሎ አወደሳቸው።

በዋዜማው ሼህ ቡሽራ የከማልን ቢላ ከሠሩበት ብረት በተረፈው ትንሽ ቢላ ሠሩ። አግለው ዘይት ውስጥ ነከሩትና ሞረድ አሳረፉበት። ጠንካራ ብረት ቢሆን ሞረዱ ይንሸራተት ነበር፤ ይኼን ግን እንደ ሳሙና ፋቀው። ደንግጠው አንድ እውነተኛ ባሌስትራና አንድ ተራ ብረት ጎን ለጎን አንጠልጥለው መቱ። ሁለቱም እኩል ተሰሟቸው። ጆሯቸው እንደከዳቸው ያን ጊዜ አወቁ፤ በጣም አዘኑ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘምዘም ነገሩን ሲሰሙ፣ «ሌላ ቢላ ይስጡትና ይኼ ይሻልሃል ይበሉት። ጆሮዎ መድከሙን ካወሩ ማን ከእርስዎ ይገዛል?» አሏቸው።

«ቢላውንስ እለውጥለታለሁ። ነገ በጆሮዬ አምኖ ለሚመጣው ግን ምን እለዋለሁ?»

ለራሳቸው ኡድሒያ ያስቀመጡትን፣ ስለቱን የሚያውቁትን የድሮ ቢላ ይዘው ወጡ። የከሰዓቱ የአስር ሰላት አልቆ፣ የተሰበሰበው ጀመዓ ሳይበተን ተነሡ።

«ከማል፣ የሸጥኩልህ ቢላ በጉን ያሰቃያል፤ በዚህ እረድ። ጆሮዬ ደክሟል፤ ብረት መለየት አቅቶኛል። ከእንግዲህ ማንም በእኔ ጆሮ አምኖ እንዳይገዛ።»

ከማል አንገቱን ደፋ። «ሸኽዬ፣ ለብቻዬ ቢነግሩኝ ይበቃ ነበር» አለ።

«ሰው ፊት ስታወድሰኝ ዝም ብዬ ተቀብያለሁ» አሉ። «በአደባባይ የወሰድኩትን በጓዳ አልመልስም።»

እኛስ? ሙገሳችን በድምፅ ማጉያ እንዲነገር እንወዳለን። ስህተታችንን ግን፣ ካመንነውም፣ በሹክሹክታ ነው። ሼህ ቡሽራ ሐቁ የሰሚዎቹ ሁሉ እንደሆነ ገብቷቸዋል። ይህን ስጽፍ በራሴ አፈርኩ። እኔም ሰባኪ ነኝና፣ ሚንበር ላይ ቆሜ የተሳሳትኩትን አንድ መስአላ፣ አንድ የሃይማኖት ጉዳይ፣ ደውሎ ለጠየቀኝ ለአንድ ሰው ብቻ አርሜ ዝም ብያለሁ። የሰማኝ ግን ጀመዓው ሁሉ ነበር። በመጪው ጁምዓ፣ ኢንሻአላህ፣ እዚያው ሚንበር ላይ አርመዋለሁ።