ጣዕም የጠፋበት ቀማሽ

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው አናጢ ነው፤ ሰፈሩ የሚያውቀው ግን በምላሱ ነው። ድግስ ያለበት ሁሉ እሱን ጠርቶ ሳያስቀምስ በርሜል አይከፍትም። "ደርሷል" ካለ ደርሷል፤ "ይቅር" ካለ ይቀራል። ሲገባ ይነሱለታል፣ ጋሼ ይሉታል።

ይህን ሰው ኅዳር ላይ ክፉ ጉንፋን ያዘው። ዳነ፤ ጣዕሙ ግን አልተመለሰም። ሚጥሚጣ ላሰ፤ ምንም። ሎሚ መጠጠ፤ ምንም! ታዲያ ተናገረ? የት አባቱ! ቀማሽነቱ ከቀረ ማን ይጠራዋል? ማን ይነሳለታል?

ዘዴ አገኘ። የድግስ ደንብ ታውቁ የለ? አሳላፊዋ መጠጡን መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ፣ መጀመሪያ ራሷ ቀምሳ ነው የምትሰጠው። እሱ ፊቷን ያያል። ፈታ ካለች ይጠጣና "ደግ ነው!" ይላል። ከተጨማደደች ይጠጣና "ተበላሽቷል" ይላል። አምስት ወር ሙሉ እንዲህ ኖረ፤ ማንም አላወቀበትም።

አሁን ስሙኝ። ወይዘሮ የዝባለም የምትባል ጠማቂ ልጇን ልትድር ነው። ለዚህ ቀን ብላ በአሮጌ የወይን በርሜል መጠጥ ካስቀመጠች ሁለት ዓመቷ ነው። የገብስ ነው፤ እርሾ ሳይገባበት በራሱ ጊዜ የፈላ። ኮክ ጨመረችበት፤ የሻይ ቅጠል ጨመረችበት። እንዲህ ያለው መጠጥ ወይ ግሩም ይሆናል፣ ወይ ሆድ ይቆርጣል። ዳሱ ሞልቷል፣ ሙሽራው ደጅ ደርሷል፣ ይዘፈናል። ጓዳ ውስጥ ያሉት ሦስት ናቸው፤ እሷ፣ ቀማሹና የሰፈሩን ድግስ ሁሉ የምታሳልፈው ብርነሽ።

"ጋሼ፣" አለች የዝባለም፣ "የገዛ ሥራዬ ነውና ምላሴን አላምነውም። ደግ ነው ካሉኝ አወጣዋለሁ። አይሆንም ካሉኝ አሁኑኑ እደፋዋለሁ። እንግዳ አሳምሜ ልጄን አላዋርድም።"

ብርነሽ ቀዳችና ዋንጫውን ሰጠችው። መዳፏ ላይ ጠብ አላደረገችም።

"ቅመሺ እንጂ!" አላት።

"ስለት አለብኝ ጋሼ። እስከ ጰራቅሊጦስ መጠጥ አልነካም።"

ተጎነጨ። አፉ ረጠበ፤ በቃ፣ ሌላ ምንም የለም። ብርነሽን አየ፤ ፊቷ ምንም አይልም። የዝባለምን አየ፤ እሷም የምታየው እሱኑ ነው። ደግሞ ተጎነጨ። "ደግ ነው" ቢልና ተበላሽቶ ቢሆንስ? "ድፊው" ቢልና ግሩም ቢሆንስ? ሁለት ዓመት እኮ ነው! ከዳሱ "ኧረ መጠጡስ?" እያሉ ይጣራሉ።

"ምነው ዝም አሉ? ይናገሩ እንጂ፣ በእመብርሃን!"

ዋንጫውን ከአፉ አወረደ። "የዝባለም... ምላሴ አይቀምስም። ከኅዳር ጀምሮ ጣዕም አላውቅም። የብርነሽን ፊት እያየሁ ነበር የምፈርደው።"

አልጮኸችም። ቀስ ብላ ጠየቀችው፦ "በጥር ለእናቴ ተዝካር የጠመቅሁትስ? ያስደፉኝስ?"

ብርነሽ አፏን ያዘች። "ወይኔ ጉዴ! ያን ቀን እኮ ጥርሴን አሞኝ ነበር!"

የዝባለም ዋንጫውን ነጥቃ ራሷ ጠጣች። ደግ ነበር። እጅግ ደግ ነበር። በርሜሉ ወጣ፣ ሰርጉም አማረ። ያኛውስ? የእናቷን ተዝካር መጠጥ ማን ያውቃል? መሬት ጠጥቶታል።

እናንተዬ፣ ፈረዳችሁበት አይደል? ሲያሳዝን! እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተስ በሌላ ሰው ፊት መጨማደድ ስንቱን ደፍታችኋል? "እሷ እኮ..." ተባለ፤ ሰላምታ ነፈጋችኋት። "እሱ እኮ..." ተባለ፤ በር ዘጋችሁበት። ቀርባችሁ ጠይቃችኋቸዋል? አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ ቁጭ ብላችሁ አዋርታችኋቸዋል? ያ የተጨማደደው ሰውስ ምን አሞት እንደነበር ታውቃላችሁ?

አንተ ከዓምዱ ሥር ያለኸው፣ አንገትህን አትድፋ፤ እኔ ሰባኪያችሁም አለሁበት። አምና አንድ መዘምርን "ትዕቢተኛ ነው" አሉኝ፤ አንድ ቃል ሳልሰማው አሰናበትኩት። ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም፤ ይቆጨኛል። የእናንተ ግን ያው ጎረቤታችሁ ነው፣ ምራታችሁ ናት፣ ወንድማችሁ ነው። ዛሬውኑ ሂዱ። የምትሉት ከጠፋችሁ፣ "ሳላውቅህ ነው የፈረድኩብህ" በሉትና ደጁ ላይ ቁሙ።