የአያ ጅቦ ችኩል ኮምፒውተር

አንድ ጊዜ፣ አህያ ደብዳቤ ትጽፍ በነበረበት ዘመን፣ አያ ጅቦ ኮምፒውተር ነበረው። ከየት እንዳመጣው አትጠይቁኝ፤ የማይታኘክ ሆኖበት ነው እንጂ እሱም አይተርፍም ነበር። ቀን ቀን ከኮምፒውተሩ አጠገብ ተጋድሞ ሲያንኮራፋ፣ ሰባት ተራራ ማዶ የጎጆ ክዳን ይነሳል።

በዚያ ሰዓት እትዬ አህያ በእግር ጣቷ፣ ጣት ባይኖራትም፣ እየተራመደች ወደ ቤቱ ገባች። ልጇ ሸጋው ከጨው ነጋዴዎች ጋር ቆላ ከወረደ ሦስት ክረምት አለፈ፤ ወሬ የለ፣ ሰላምታ የለ። ዛሬ ሽመላ ወደ ቆላ ትበራለች፤ በዓመት አንዴ ነው የምትሄደው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደብዳቤው ካልደረሰላት ሌላ ዓመት ሊጠበቅ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ አያ ጅቦ ይነቃል፤ ሲነቃ ምን እንደሚያምረው ታውቃላችሁ።

ጻፈች። «ልጄ ሸጋው፣ ጆሮህ አደገ ወይ? ገለባ ከማን ጋር ነው የምትበላው? እኔ ድርሻህን በየማታው ለብቻ አስቀምጣለሁ፤ ሲነጋ በጎች ይበሉታል።»

ደብዳቤውን አስቀምጦ ለማተም አቋራጩ ሁለት ቁልፍ ነው፦ መጀመሪያ ረጅሙን፣ ወዲያው ቀዩን። ቀዩ ብቻውን ከተጫነ ግን የተጻፈውን ሁሉ ይሰርዛል። እትዬ አህያ ረጅሙን ተጫነች። ቀዩን ተጫነች። ደብዳቤው ድምጥማጡ ጠፋ። እንደገና ጻፈች፤ እንደገና ጠፋ። በአምስተኛው እንባዋ ኩሬ ሠርቶ አንድ እንቁራሪት ዋኘበት።

ቀበሮ በመስኮቱ ብቅ አለ። «ምነው እትዬ?»

«ደብዳቤዬን ይበላብኛል!»

«ኪቦርዱ ነዋ! አርጅቷል። እኔ ጋ አዲስ አለ፤ ያንን ጀርባሽ ላይ የጫንሽውን የገብስ ነዶ ብቻ ወዲህ በይ።»

ሰጠችው። ቀበሮ ኪቦርዱን ነቅሎ ወጣ፣ በጅራቱ አቧራውን ጠረገ፣ ያንኑ መልሶ ሰካ። ደብዳቤው ያው ጠፋ።

«እንግዲያው የተበላሸው ኮቴሽ ነው!» አለና ነዶውን ተሸክሞ እብስ አለ። ቀበሮ ገብስ አይበላም፤ ማታለሉ ግን ይጣፍጠዋል።

እማማ ኤሊ በበሩ ስታልፍ፣ ከጠዋት ጀምሮ እያለፈች ነበር፣ ለቅሶውን ሰማች። «ልጄ፣ እስቲ እያየሁሽ አድርጊው።»

አህያ ረጅሙን ተጫነች፤ ቀና ብላ በመስኮቱ የቆላውን መንገድ አየች፤ ቀዩን ተጫነች። ጠፋ።

«መሃል ላይ ምን አየሽ?»

«እኔ? ምንም።»

«አይተሻል እንጂ!»

«አቧራ ተነስቶ ነበር፤ እሱ መስሎኝ።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ?»

«ሁልጊዜ፣ እማማ።»

ኤሊ ሴቲንጉን ከፈተች። «ሁለተኛውን ቁልፍ ምን ያህል ልጠብቅ?» ለሚለው ጥያቄ አያ ጅቦ የሞላው «ምራቅ እስክውጥ» የሚል ነበር። እሱ ሥጋ አይቶ እስኪጎርስ መቼ ይታገሳል!

«አንቺም ደህና ነሽ፣ ኮምፒውተሩም ደህና ነው» አለች ኤሊ። «ቀዩን ስታዘገዪ ረጅሙን መጫንሽን ይረሳና ቀዩን ብቻ የተጫንሽ መስሎት ይሰርዘዋል። አሁን በእኔ እርምጃ ልክ እንዲጠብቅ አድርጌዋለሁ።»

ፀሐይ ኮረብታው ጫፍ ላይ ደርሳለች። ውጭ ሽመላ ክንፏን ታራግፋለች። አህያ አንድ መስመር ብቻ ጻፈች። ረጅሙን ተጫነች፤ መንገዱን እስኪበቃት አየች። ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ጠበቃት። ቀዩን ተጫነች። ፕሪንተሩ ወረቀቱን ተፋ።

ሽመላ አነበበችው፦ «ሸጋው፣ እናትህ ነኝ፤ ና።»

«ይኸው ነው? ለዚህ ነው ስትለፊ የዋልሽው?»

«ቀኑን ሙሉ የጻፍኩት ሲጨመቅ ይኸው ነው» አለች አህያ።

ሽመላ ወረቀቱን በአፏ ይዛ ተነሳች። ከኋላ ማንኮራፋቱ ቆመ። እትዬ አህያ ኤሊን በጥርሷ አንስታ ጀርባዋ ላይ ጣለቻትና ፈረጠጠች፤ እስከ ቤቷ ኮቴዋ መሬት የነካው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። እማማ ኤሊም በመቶ ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ንፋስ ፊቷን መታት።

ከዚህ የምንማረው፣ ልቡ መንገድ ላይ የቀረ ሰው ሥራ ሲበላሽበት «እጅህ ነው» ብለን ከመፍረዳችን በፊት፣ ዕቃውን ለራሱ ችኮላ ያስተካከለው ማን እንደሆነ ማየት እንዳለብን ነው።