በእንቁራሪት ቆዳ ውስጥ የነበሩ ሦስት ተሸካሚዎች

ተረት አለኝ፤ ጆሮ አላችሁ? እንግዲያ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

ድሮ ድሮ፣ ውሃ ሲያወራ ድንጋይ በሚያደምጥበት ዘመን፣ በአንድ ሐይቅ ዳር አንዲት እንቁራሪት ትኖር ነበር። ይህች እንቁራሪት ጥቁር ጭቃ ላይ ስትቀመጥ ትጠቁራለች፤ ነጭ አሸዋ ላይ ስትቀመጥ ትነጣለች። ሽመላ ረጃጅም እግሮቹን እያነሳ እየጣለ ሲፈልጋት በአጠገቧ ያልፋል፤ አያያትም። "ወዴት ገባች?" ይላል። እሷም ትንፋሿን ውጣ፣ "የትም አልሄድኩ" ትላለች በሆዷ።

ታዲያ ቀለሟን የምትቀይረው እንዴት ነበር? ቆዳዋ የተሠራው ዓይን ከማያያቸው ሕዋሶች ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ እንደ አንድ አገር ነው፤ መሀል አለው፣ ዳር አለው፣ ከመሀል እስከ ዳር የተዘረጋ አውራ መንገድም አለው። በዚያ አገር ጥቁር ቀለም የተሞሉ ስልቻዎች አሉ። ስልቻዎቹ ወደ ዳር ሲበተኑ እንቁራሪቷ ትጠቁራለች፤ መሀል ሲከማቹ ትነጣለች። ስልቻ ግን እግር የለውም። እግር የነበራቸው ሦስት ተሸካሚዎች ናቸው።

አንደኛው አያ ኪኔሲን ነው። ከራሱ የሚበልጥ ስልቻ ተሸክሞ በሁለት እግሩ ይራመዳል። አንዱን እግር መንገዱ ላይ ሳያጸና ሌላውን አያነሳም። በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ፍሬ ስንቅ ይበላል፤ ስንቅ ከሌለ እርምጃ የለም። የሚያውቀው ግን ከመሀል ወደ ዳር መሄድን ብቻ ነው።

ሁለተኛዋ እመት ዳይኒን ናት። እሷም ብርቱ ናት። የምታውቀው ግን ከዳር ወደ መሀል መመለስን ብቻ ነው።

ሦስተኛው አባ ማዮሲን ናቸው። አውራ መንገዱ በሚያልቅበት በዳር አገር፣ በቀጫጭን የእግር መንገዶች ላይ ይኖራሉ። ሩቅ አይሄዱም፤ የያዙትን ግን አይለቁም። ኪኔሲን ያመጣውን ስልቻ እየተቀበሉ በየጥጉ ያዳርሳሉ፤ ይዘውም ይቆያሉ።

እንዲህ ሆነው በሰላም ሲኖሩ፣ አንድ ቀን ኪኔሲን ተቆጣ።

"እኔ ለፍቼ የወሰድኩትን ይቺ ዳይኒን መልሳ ታመጣዋለች። እኔ እሠራለሁ፣ እሷ ታፈርሳለች!" አለ።

እሱ ራሱ ከዳር ወደ መሀል የሚመለሰው በማን ጉልበት እንደሆነ አስቦት አያውቅም። ስልቻው ላይ ተንጠልጥሎ፣ እንቅልፉን እየለጠጠ ነበር የሚመለሰው።

ወዲያው በደም ወንዝ በኩል የእንቁራሪቷ ትእዛዝ መጣ። "አሸዋ ላይ ነኝ፤ ሰብስቡ!"

ዳይኒን ስልቻውን ይዛ ወደ መሀል ሳበች። ኪኔሲን ይዞ ወደ ዳር ሳበ።

"ልቀቅ!" አለች።

"አልለቅም!" አለ።

"ልቀቅ እንጂ!"

"አልለቅም አልኩሽ!"

ስልቻው መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ተንቀጠቀጠ። በየሕዋሱ ያሉት ተሸካሚዎችም ጠቡን አይተው እንዲሁ ተጓተቱ። እንቁራሪቷ ጥቁርም ሳትሆን፣ ነጭም ሳትሆን ዥጉርጉር ሆና ቀረች። ሽመላም አያት። አፉ እንደ ጦር ወረደ፤ ጀርባዋን ጫረው። እየደማች ዘላ ደንገል ውስጥ ገባች።

ዳይኒን አዘነች። "አፍራሽ ከተባልኩ ይቅርብኝ። በል ብቻህን ሥራ" ብላ መሀል አገር ገብታ ተቀመጠች።

ደግሞ ትእዛዝ መጣ። "ጥቁር ጭቃ ውስጥ ገብቻለሁ፤ በትኑ!"

ኪኔሲን ደስ አለው። ስልቻዎቹን ሁሉ አስተሳስሮ እየጎተተ፣ ስንቁን እየቆረጠመ፣ አንድ እግር ሲያጸና ሌላውን ሲያነሳ ዳር ደረሰ። አባ ማዮሲን ተቀብለው በየጥጉ አዳረሱ፤ በየሕዋሱም እንዲሁ ሆነ። እንቁራሪቷ እንደ ጭቃው ጠቆረች። ሽመላ መጣ፣ ቆመ፣ አየ፣ አለፈ።

"አያችሁ? ብቻዬን!" አለ ኪኔሲን።

"ጎበዝ፣ ልጄ" አሉት አባ ማዮሲን። "እንዴት ልትመለስ ነው?"

ኪኔሲን ፊቱን ወደ መሀል አዞረና እግሩን አነሳ። እግሩ እምቢ አለው። ሌላኛውን አነሳ፤ እሱም እምቢ አለው። ወደ ዳር መንገዱ አልቋል፤ ወደ መሀል ያለውን መንገድ እግሩ አያውቀውም። እዚያው ቀረ።

ፀሐይ በረታች። ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጠቀ፤ ውሃውም ሸሽቶ ከነጩ አሸዋ ወዲያ ማዶ ሆነ። እንቁራሪቷ ልትሻገር አሸዋው ላይ ብትወጣ፣ ሽመላ ጥቁረቷን ከሩቅ አየ። ለጥቂት አምልጣ ድንጋይ ሥር ገባች። ሽመላም ድንጋዩ አጠገብ በአንድ እግሩ ቆመ።

"አልቸኩልም" አላት። "ቆዳሽ ሲደርቅ ራስሽ ትወጫለሽ።"

የእንቁራሪቷ ትእዛዝ በደሙ ወንዝ እየጮኸ መጣ። "ሰብስቡ! ነፍሴን አድኑኝ! ሰብስቡ!"

"እመት ዳይኒን!" ብሎ ተጣራ ኪኔሲን። "ነይ! ቶሎ ነይ!"

ከመሀል አገር ቀጭን ድምፅ መለሰለት። "ልመጣ ብዬ ተነስቼ ነበር፤ እግሬ እምቢ አለኝ። ወደ ዳር መሄድ እኮ አላውቅም! እስከ ዛሬ ስልቻ ላይ አስቀምጠህ የወሰድከኝ አንተ ነበርክ።"

እሱ ዳር ቀርቷል፤ እሷ መሀል ቀርታለች።

"ልጄ፣ መንገዱን ልቀቅ" አሉት አባ ማዮሲን።

"ሁለቱንም እግሬን? ከተፈጠርኩ ጀምሮ ሁለቱንም እግሬን አንስቼ አላውቅም!"

"የሕዋሱ ውሃ ይወስድሃል።"

"ወዴት?"

"እሱን አላውቅም" አሉ አባ ማዮሲን።

ኪኔሲን መንገዱን አጥብቆ ያዘ። እንቁራሪቷ ግን እንደገና ጮኸች፤ ድምፅዋም ደከም ብሎ ነበር። አንዱን እግሩን አነሳ። ሌላውንም አነሳ። የሕዋሱ ውሃ ወዲያው ነጠቀው። ወደ ቀኝ ወረወረው፣ ወደ ግራ ወረወረው፣ አዙሮ አዙሮ ደፋው። ኪኔሲን ያ ሁሉ ጉልበቱ ለምንም አልረዳው። በመጨረሻ አንድ ነገር እግሩን ነካው፤ ጨምድዶ ያዘው። መንገድ ነው! ቀና ሲል ዳይኒን ከፊቱ ቆማለች። ውሃው መሀል አገር ጥሎታል።

"እመት ዳይኒን፣ እስከ ዛሬ የመለሰኝ የአንቺ ጉልበት ነው። አላወቅኩም፤ ይቅር በይኝ" አላት።

"ይቅርታህን እየሄድን እሰማለሁ፤ የእንቁራሪቷ ቆዳ እየደረቀ ነው። ተሸከመኝ!" አለችው።

እንደ ስልቻ አዝሏት ገሰገሰ። ዳር ሲደርሱ አባ ማዮሲን፣ እኒያ የያዙትን የማይለቁት፣ እጃቸውን ፈቱ። "እንኩ፣ ልጆቼ" አሉ።

አሁን ዳይኒን ጎተተች፤ ኪኔሲን ከስልቻው ጋር ተንጠለጠለ። መንገዷ ላይ እንቅፋት ሲገጥማት፣ "እስቲ ወደ ኋላ ሳብ አድርገኝ" ትለዋለች። አንድ እርምጃ ይስብላታል፤ እሷም እንቅፋቱን ዞራ ታልፋለች። ቀድሞ ጠብ የነበረው መጓተት አሁን ሥራ ሆነ። ወሬው በየሕዋሱ ደረሰ፤ በየሕዋሱም ሁሉም ተከተሏቸው። ጥቁሩ ከዳር ለቀቀ፣ መሀል ገባ፣ እንደ ነጥብ አነሰ።

ሽመላ ድንጋዩ ሥር አፍጥጦ ጥቁር ነገር ይጠብቃል። ጥቁር ነገር አልወጣም። የአሸዋ ቀለም ያላት እንቁራሪት ግን ቀስ ብላ ወጣች፤ በእግሩ አጠገብ አለፈች፣ አሸዋውን ተሻገረች፣ ውሃው ውስጥ ጡብ አለች። ሽመላ እስኪመሽ ቆሞ ቀረ።

እንዲህ ያሉ ተሸካሚዎች በእኛም ገላ ውስጥ አሉ። እኛ ስንተኛ እነሱ አይተኙም፤ አንዱ ይወስዳል፣ አንዷ ትመልሳለች፣ አንዱ ይይዛል። እኔ ባሰብኳቸው ቁጥር ይገርመኛል።

ወሳጅ ያለ መላሽ ዳር ይቀራል፤ መላሽም ያለ ወሳጅ መሀል ይቀራል።

እኔ ተረቴን እዚህ አድርሻለሁ፤ ከዚህ ወዲያ እናንተ ተቀበሉኝ።