ኳሷ ስትነቃነቅ ማንም አላየም

አንድ አዛውንት አሉ። ሥራቸው በብር ላይ ስም መቅረጽ ነው። አባታቸውም ይህንኑ ሲሠሩ ኖረው ነው ያለፉት።

በሚኖሩባት የደጋ ከተማ በየዓመቱ የጎልፍ ውድድር ይደረጋል። ውድድሩ ሳምንት ሲቀረው ዋንጫው ከመስታወት ሣጥኑ ወጥቶ ወደ እሳቸው ሱቅ ይመጣል። ያጥቡታል፤ ይወለውሉታል፤ የአሸናፊዎቹን ስም በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡታል። የመጨረሻው ቀን ሲደርስ ደግሞ መቅረጫቸውን ይዘው ሜዳው ዳር ይቀመጡና ሽልማቱ ከመሰጠቱ በፊት የአሸናፊውን ስም ይጽፋሉ። ጋሽ ሠርፀ ይባላሉ። ይህን ነገር ያጫወቱኝ እሳቸው ናቸው።

ወገኖቼ፣ ከእናንተ መካከል ጎልፍ የሚያውቅ አለ? እኔ አላውቅም ነበር። በቴሌቪዥን ሳየው፣ «ለዚህች ለቁራጭ ኳስ ይህ ሁሉ መሬት?» ብዬ ነበር የማልፈው። ጋሽ ሠርፀ ሲያስረዱኝ ግን አፌን ይዤ ቀረሁ።

አሥራ ስምንት ጉድጓድ አለ። ኳሷን በዱላ እየመታ፣ በጥቂት ምት አሥራ ስምንቱንም የጨረሰ ያሸንፋል። እዚህ ድረስ ማንም ይገባዋል። ቀጥሎ ያለው ነው ጉዱ። እየሮጠ የሚከተል ዳኛ የለም። ፊሽካ የለም። ተጫዋቹ ሲያጠፋ፣ «አጥፍቻለሁ» ብሎ የሚናገረው ራሱ ነው። ምቱን በካርድ ላይ የሚጽፍለት ደግሞ ማን መሰላችሁ? አብሮት የሚጫወተው ባላጋራው! በመጨረሻ ሁለቱም ድንኳን ውስጥ ይገባሉ፤ የተጻፈው ይነበባል፤ የሚታረም ካለ ይታረማል፤ ይፈርማሉ። ከተፈረመ በኋላ የተጻፈው ተጻፈ።

እስቲ አስቡት። የዋላችሁበትን ሁሉ ባላጋራችሁ እየጻፈው፣ ያጠፋችሁትን እናንተው እየነገራችሁት። ስንቶቻችን እስከ አሥራ ስምንተኛው እንዘልቃለን?

ያን ዓመት ውድድሩ ከተጀመረ ስድሳ ዓመት ሞልቶት ነበር። ትርሲት የምትባል የሬዲዮ ጋዜጠኛ ስለሚመጣው ውድድርና ስለ ታሪኩ ዝግጅት ልትሠራ መጣችና እሱቃቸው ተቀመጠች።

«ጋሽ ሠርፀ፣ ዘንድሮ ማን ያሸንፋል ይላሉ?»

«ስሙ አጭር የሆነ ያሸንፍልኝ! አምና ያ ደቡብ አፍሪካዊ የአያቱን ስም ጭምር አስጽፎ እጄን ገደለው።»

ሳቀች። ዋንጫውን ጭኗ ላይ አኖሩላትና ታሪኩን ከላይ ጀምረው ነገሯት።

«ይኸውልሽ፣ የመጀመሪያው ይሄ ነው። የጀመሩት መንገድ ሊሠሩ የመጡ የውጭ አገር መሐንዲሶች ናቸው። ያኔ ሣሩን የሚያጭደው የሰፈሩ ከብት ነበር። ጉድጓዱ ዙሪያ ሣር አልበቅል ብሎ ዘይት የጠጣ አሸዋ ያነጥፉ ነበር አሉ።»

«እነዚህ አራት ባዶ ቦታዎችስ?»

«የጦርነቱ ጊዜ ነው። ሜዳው ገብስ ተዘራበት። አባቴ ግን ቦታውን አልሞላውም። ‹ያልተጫወቱበትም ዓመት ዓመት ነው› ይል ነበር።»

ትርሲት ስሞቹን እስከ ታች አነበበች። እንግሊዝ አለ፤ ኬንያ አለ፤ ዚምባብዌ አለ፤ ዛምቢያ አለ፤ ደቡብ አፍሪካ አለ። ቀና ብላ አየቻቸው።

«የእኛ ሰውስ የታለ?»

«የለም» አሏት።

ሃምሳ ስድስት ስም፣ አንድም የአገሬው ስም የለበትም። ሣሩን የሚያጭዱት የዚያች ከተማ ሰዎች ናቸው። ቁጥቋጦ ውስጥ የጠፋ ኳስ የሚፈልጉት እነሱ ናቸው። የተጫዋቹን ከባድ ቦርሳ ተሸክመው ከጉድጓድ ጉድጓድ የሚከተሉት እነሱ ናቸው። ስሙን በብር ላይ የሚጽፉትም የከተማዋ ሰው ናቸው። የሚጻፈው ግን ሁልጊዜ የሌላ ሰው ስም ነው።

ዘንድሮ ግን ጉርሜሳ አለ። ጉርሜሳ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው። አሥራ አንድ ዓመት በዚያው ሜዳ ቦርሳ ተሸክሟል፤ እየተሸከመ አየ፤ እያየ ተማረ፤ ተምሮ ባለሙያ ተጫዋች ሆነ። ትርሲት በሬዲዮ ስትናገር፣ «ዋንጫው ሁለት ጊዜ ለወሰደው ለዛምቢያዊው ሙሶንዳ የቀረበ ይመስላል፤ ነገር ግን ጉርሜሳን ልብ በሉት» አለች። በቃ፣ ከተማዋ እንቅልፍ አጣች። አሮጌ ባልደረቦቹ በር ላይ ጠብቀው ያበሽቁታል። «ጉርሜሳ! ዋንጫውን ካላመጣህ ቦርሳህ እዚሁ ተሰቅሎ ይጠብቅሃል!» እሱም፣ «ከመጣም እናንተ ናችሁ የምትሸከሙት» ይላቸዋል።

ውድድሩ አራት ቀን ነው። በአራተኛው ቀን እሱና ሙሶንዳ አብረው ወጡ። ከተማው ሱቁን ዘግቶ ተከተላቸው።

አሁን አንድ ነገር ያዙልኝ። የጋሽ ሠርፀ አባት ለልጃቸው አንድ ትእዛዝ ትተዋል። «ኳስ ስትገባ አትጀምር፤ ካርዱ ሲፈረም ጀምር» የሚል። ምክንያቱም የዋንጫው ብር በስድሳ ዓመት ውልወላ ሳስቷል። አንዴ የተቀረጸውን እንፋቅ ቢሉ ይበሳል። ጋሽ ሠርፀም በሠላሳ ዓመት ሥራቸው ይህችን ትእዛዝ አንድም ቀን አልተላለፉም።

አሥራ ስምንተኛው ጉድጓድ ላይ የጉርሜሳ ኳስ ገባች። በአንድ ምት በለጠ። ሜዳው ተናወጠ። እናቶች እልል አሉ፤ አጫጆቹ ማጭዳቸውን ወደ ላይ እያነሡ ጨፈሩ። የክበቡ ሊቀመንበር እየሮጡ መጡ።

«ጋሽ ሠርፀ፣ ምን ይጠብቃሉ? ክቡር እንግዳው ለሽልማቱ ሊነሡ እኮ ነው!»

«ካርዱ ይፈረም።»

«ኧረ በእመቤቴ! ይሄ ሁሉ ሕዝብ ያየውን ፊርማ ሊለውጠው ነው?»

ጋሽ ሠርፀ ዋንጫውን አዩት። ሃምሳ ስድስት ስም። የአባታቸው ዕድሜና የእሳቸው ዕድሜ እዚያ ላይ አልቋል። «ናፍቆት እጄን ገፋው» አሉኝ። መቅረጫቸውን አሳረፉ። ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ፊደላችን፣ «ጉ» ብለው ጻፉ።

በዚያች ደቂቃ ድንኳኑ ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ጉርሜሳ፣ ሙሶንዳ፣ እና ውጤት የምትመዘግበው ወይዘሮ አስካለ። ሙሶንዳ የጻፈውን የጉርሜሳን ካርድ ታነባለች።

«አሥራ ሦስተኛ፣ ሦስት።»

«ልክ ነው።»

«አሥራ አራተኛ፣ አራት።»

ዝም አለ።

«ጉርሜሳ፣ አራት ነው የተጻፈው። ልክ ነው?»

ውጭ ሕዝቡ ስሙን እየጠራ ይዘፍናል። የድንኳኑ ሸራ ከጭብጨባው ጋር ይርገበገባል።

«አራት አይደለም» አለ ጉርሜሳ። «ስድስት ነው።»

ሙሶንዳ ከወንበሩ ተነሣ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ! አራት ጊዜ ነው የመታኸው!»

«ረጅሙ ሣር ውስጥ ዱላዬን ከኳሷ ኋላ ሳሳርፍ ተነቃነቀች። የጣት ስፋት እንኳ አይሆንም። ወደ ቦታዋ መመለስ ነበረብኝ፤ አልመለስኳትም፤ ባለችበት መታኋት። ሁለት ምት ይጨመርብኛል።»

«ነፋስ ነው! ነፋስ ካንቀሳቀሳት ቅጣት የለውም፤ ሕጉን ታውቀዋለህ!»

«እኔም እሱን ስል ነው የመጣሁት። አራት ጉድጓድ ሙሉ ነፋስ ነው፣ ነፋስ ነው አልኩ። ነፋስ አልነበረም።»

ወይዘሮ አስካለ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። እሷም የዚያች ከተማ ልጅ ናት።

«ጉርሜሳ፣ ያየ ሰው አለ?»

«ማንም አላየም።»

«ካሜራ?»

«እዚያ ጋ ካሜራ አልነበረም።»

«ታዲያ…»

«እኔ አይቻለሁ።»

ወገኖቼ፣ ይህችን ቃል ያዙልኝ። እኔ አይቻለሁ! ስድሳ ዓመት የጠበቀ ሕዝብ ከሸራው ማዶ እየዘፈነ፣ አንድ ሰው ብቻውን፣ «እኔ አይቻለሁ» አለ።

ሙሶንዳ እርሳሱን ገፋው። «አልጽፈውም» አለ። በአንድ ምት ተሸንፎ ነበር፤ ሁለት ከተጨመረ በአንድ ምት የሚያሸንፈው እሱ ነው። አልጽፈውም አለ! ጉርሜሳ እርሳሱን አንሥቶ እጁ ላይ አኖረለት።

«ጻፍልኝ፣ ወንድሜ። ካርዴን የያዝከው አንተ ነህ።»

ሙሶንዳ አራትን ሰርዞ ስድስት ጻፈ። ፈረሙ።

ከድንኳኑ ሲወጡ ወሬው ቀድሟቸዋል። እልልታው ቆመ። ከአሮጌ ባልደረቦቹ አንዱ ጉርሜሳን ደረቱ ላይ ያዘው። አልመታውም፤ አለቀሰበት እንጂ። «ማን ጠየቀህ?» አለው። «ንገረኝ፣ ማን ጠየቀህ?»

ጉርሜሳ ሰውየውን አቅፎ ቆመ።

ጋሽ ሠርፀ ደግሞ አንዲት ፊደል የያዘ ዋንጫ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው እንደ ጥፋተኛ ተቀምጠዋል። የአባታቸውን ትእዛዝ በአንዲት ቀን ሽረዋታል። ሊፍቁት አይችሉም፤ ይበሳል። ሙሶንዳ መጥቶ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። ጋሽ ሠርፀ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቁት።

«ምንድን ነው የሚለው?» አላቸው ፊደሏን በጣቱ እየነካ።

«የስሙ መጀመሪያ ነው። ቸኩዬ።»

ሙሶንዳ ጣቱን ከፊደሏ አነሣ። «አይንኩት» አላቸው። «የእኔን ከሱ ቀጥለው ይጻፉ። የዘንድሮውን ዋንጫ ብቻዬን አልበላሁትም።»

እንዲሁ ተጻፈ። እስከ ዛሬ እንዲሁ አለ። ውድድሩ በደረሰ ቁጥር ስለ አሸናፊዎች ሊጠይቅ የሚመጣ ጋዜጠኛ ሁሉ ሌላውን ስም ሁሉ ትቶ፣ «ይህቺ ፊደል ምንድን ናት?» ይላል። ጋሽ ሠርፀም ይነግሩታል።

እንግዲህ ወደ እኛ እንምጣ።

«ማን ጠየቀህ?» ያለውን ሰው አትፍረዱበት። ይህን ቃል እኛም እናውቀዋለን። ለራሳችን ስንት ጊዜ ብለነዋል? ዝም ማለት ስንችል፣ ሁሉ ነገር ተድበስብሶ ሲያልፍ፣ እንዲያውም ሰው እያጨበጨበልን ሳለ፣ ከውስጥ አንድ ነገር ሲቆረቁረን፣ «ማን ጠየቀህ? ተወው!» አላልንም?

ነፋስንስ ስንቶቻችን አልከሰስንም? ለታመመው ወንድሜ ያልደረስኩት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ነፋስ ነው። ጎረቤቴ ላይ የተናገርኩት ሌሎቹ ሲያወሩ ሰምቼ ነው። ነፋስ ነው። ባሌን የማላናግረው፣ ሚስቴን የማላናግራት፣ እነሱ ናቸው የጀመሩት። ነፋስ ነው፣ ነፋስ ነው! ጉርሜሳ ይህን ያለው ለአራት ጉድጓድ ነው። ከእኛ መካከል ለአሥራ አራት ዓመት ይህንኑ ሲል የኖረ አለ። እንዲያውም እኔ አንዱን በደንብ አውቀዋለሁ፤ በየቀኑ ፊቱን የማጥበው እኔ ነኝ።

አንድ የሚያስፈራ ነገር ልንገራችሁ፤ ደግሞም የሚያስደስት። ሁሉን የሚያይ አለ፤ ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሌላው ነው። ያ ሁሉን የሚያየው ጌታ ቸኩሎ አይጽፍም። እኛ የሰውን ስም ገና መንገድ ላይ ሳለ እንጽፈዋለን። ይሄ ጻድቅ፣ ያ የጠፋ፣ ይቺ የማትመለስ እያልን እንቀርጻለን፤ ስንፍቀውም እንበሳዋለን። እሱ ይጠብቃል። አሥራ አራተኛውን አይቶታል፤ አይቶም ይጠብቃል። ጉርሜሳ ዝም ባለባት በዚያች ሰዓት፣ ሕዝቡ ሲዘፍን፣ ሰማይ ዝም ብሎ ይጠብቀው ነበር ብዬ አምናለሁ። ምን ያህል ቢወደን ነው እንዲህ የሚታገሠን?

ጉርሜሳ በብሩ ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ቀረው። የሰው እጅ ጀምሮ ሊተው ይችላል። በላይኛው መዝገብ የሚጽፈው እጅ ግን የጀመረውን ስም ሳይጨርስ አይነሣም።

ወገኖቼ፣ እናንተ ዛሬ በሕይወት ናችሁ። ስለዚህ ገና አልፈረማችሁም። ለንስሐ አባታችሁ የሚነገር ካለ ለነገ አታሳድሩት። ከዚያ በፊት ደግሞ የምታውቁት አንድ ሰው አለ፤ አሁን ስናገር በልባችሁ የመጣው እሱ ነው። ሂዱና በሩን አንኳኩ። ረጅም ንግግር አታዘጋጁ፤ ሲከፍትላችሁ ዓይኑን እያያችሁ፣ «ነፋስ አልነበረም፤ እኔ ነኝ» በሉት።