የካርታው ነፋስ

ለአዲስ አውሮፕላን ማረፊያ መሬት ሊያስለቅቅ የተላከው ኢንጂነር አበጋዝ ደረቱን ነፍቶ ከመኪናው ወረደ። አውድማው ላይ አንድ ገበሬ የዓመት ጤፉን ወቅቶ፣ መንሹን ተደግፎ ነፋስ እስኪነሳ ይጠብቃል። ኢንጂነሩ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ካርታውን ዘረጋ።

«የአውሮፕላኑ መንደርደሪያ በአውድማህ ላይ ያልፋል። ዛሬውኑ ልቀቅ!»

«እህሌን ላንሳና እለቃለሁ፣ ጌታዬ። ግን መንደርደሪያው ለምን በዚህ በኩል ሆነ?»

«አውሮፕላን የሚነሳው ነፋስን ፊት ለፊት ገጥሞ ነው። እዚህ ደግሞ ነፋሱ ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው፤ ቀስቱ ይኸው! ደሞ ካርታ ማንበብ የማይችል መሃይም እኔን ይጠይቀኛል? አንድ ስህተት ካገኘህበት አውድማህን ልተውልህ። ካላገኘህ ግን እህልህን አሁኑኑ በዶዘር ነው የማስጠርገው!»

ገበሬው ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ።

«እንግዲያው በምዕራብ በኩል ቢቆሙ ገለባው አይነካዎትም ማለት ነው?»

«በፍጹም!» አለና ኢንጂነሩ ካርታውን እንደያዘ በምዕራብ በኩል ተገትሮ ቆመ።

ጥቂት ቆይቶ የከሰዓቱ ነፋስ እንደ ልማዱ ከምሥራቅ ተነሳ። ገበሬው ጤፉን በመንሹ እየዛቀ ወደ ላይ ይበትነው ጀመር። ገለባው በኢንጂነሩ ፀጉር፣ በአፉ፣ በኮቱ ኪስ ሳይቀር ገባ።

«አንተ! ምን እያደረግህ ነው?» ብሎ እያሳለ ጮኸ።

ገበሬው መንሹን ሳያቆም መለሰለት፦

«አይቆጡ ጌታዬ፤ ገለባውም እንደ እኔ መሃይም ነው። ቀስቱን ያንብቡለትና ይመለስ።»