ከአግዳሚው በታች ያለው ቁጥር

የዛሬው ተረት ላም የለበትም። ስለዚህ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ይሳሳታል፤ «የዶሮ ቆጥ» ብላችሁ ተቀበሉ።

ከደሴ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ እማዋይሽ የምትባል፣ ጫጩት አስፈልፍላ የምትሸጥ ሴት ነበረች። የጀመረችውን ሳትጨርስ መቀመጥ አይሆንላትም። አንድ ማለዳ ስትነሣ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽኗ ቀይ መብራቱን እያብለጨለጨ ያፏጫል። በሩን ከፍታ እጇን ብትሰድ ውስጡ በርዷል። እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ተቃርበው ነበርና ጫጩቶቹ ቅርፊታቸው ውስጥ ሆነው ጢቅ፣ ጢቅ ያደርጋሉ። ሳይሞቁ ከዋሉ ለማታ አንዱም አይተርፍም።

የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ ማሽኑን የሠራው ድርጅት ባለሙያ ምን ማድረግ እንዳለባት እንዲነግራት ብቻ።

የማሽኑ በር ላይ አራት አኃዝ ብቻ ያለው አጭር ቁጥር ተለጥፏል። ደወለች። አንዲት ሴት በለስላሳ ድምፅ «ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው፤ ተራዎ እስኪደርስ ይጠብቁ» አለችና ሙዚቃ ከፈተችላት። እማዋይሽ ጠበቀች። ሙዚቃው ሳያልቅ ካርዱ አለቀ። ሁለተኛ ካርድ ፋቀች፤ ሙዚቃው ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ያም ካርድ አለቀ። ሦስተኛውን ልትፍቅ ጥፍሯን አሳርፋ ተወችው። አጭሩ ቁጥር በደቂቃ ከሌላው ስልክ አብልጦ ካርድ እንደሚበላ ያኔ ገባት። መብላቱስ ይብላ፣ ሰው አያቀርብም።

ጎረቤቷ ዘምዘም ከአጥሩ በላይ አንገቷን አስግጋ፣ «እንዴ እማዋይሽ! ለካርድ ሰስተሽ ጫጩቶቹን ልትጨርሻቸው ነው?» አለቻት።

«ለካርዱ አይደለም እቴ። ሙዚቃ ጫጩት አያሞቅም። እኔ የምፈልገው ሰው የሚያነሣው ስልክ ነው። ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ያለ፣ በዜሮ አሥራ አንድ የሚጀምር።»

«እሱን ደግሞ ከየት ታመጪዋለሽ?»

እማዋይሽ አሰበች። ማሽኑ ታሽጎ የመጣበት የእንጨት ሣጥን ትዝ አላት። በጎኑ ላይ በጥቁር ቀለም የድርጅቱ ስምና አንድ ረጅም ቁጥር የተጻፈ መሰላት። መሰላት እንጂ እርግጠኛ አልነበረችም፤ ሣጥኑንም ለአናጢው ለጋሽ እንድሪስ ከሰጠችው ቆይቷል። ቢሆንም እንቁላሎቹን በጋቢ ጠቅልላ ለዘምዘም አደራ አለች። ሦስተኛውን ካርድ ሳትፍቀው መቀነቷ ውስጥ ቋጠረች። አንዱን እንቁላል ደግሞ፣ ድምፁን እየሰማች ለመሄድ፣ ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ወጣች።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ያ ሣጥኔ የት ደረሰ? አጭሩ ቁጥር ሰው አላቀርብም አለ፤ ማሽኑ አልሞቅም አለ፤ ጫጩቱ ጢቅ፣ ጢቅ ይላል።»

ጋሽ እንድሪስ መላጊያቸውን አስቀመጡ። «ሣጥኑማ አግዳሚ ሆነ ልጄ። ለወይዘሮ ተዋበች ወፍጮ ቤት፣ ለጆንያ ማስቀመጫ ሠራሁት።»

«ቁጥር ነበረበት?»

«ጽሑፍስ ነበረበት። ጽሑፉን ወደ ታች አዙሬ ነው የቸነከርኩት። በሰው ስም ላይ ጆንያ መከመር ነውር አይደል?»

እማዋይሽ ወደ ወፍጮ ቤቱ ገሰገሰች። አግዳሚው ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ያለ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጆንያ የተደረደረበት ነው። በሆዷ ተኝታ በስልኳ መብራት አየች። የዱቄት ብናኝ ተጋግሮ ሣንቃውን ሸፍኖታል። በጣቷ ብትፈገፍግ አንድ ጥቁር መስመር ታየ፤ ከዚያ በላይ እጇ አልደረሰም። ቁጥሩ መኖሩን ግን አሁን አወቀች።

ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ፣ «የዘንድሮ ሰው ስልክ ፍለጋ አግዳሚ ሥር ይገባል!» ብሎ ሳቀ።

እማዋይሽ ዱቄቷን እያራገፈች ተነሣች። «እትዬ ተዋበች፣ ይህን አግዳሚ እንገልብጠው። አግዳሚው አልገለበጥም አለ፤ ረጅሙ ቁጥር አልታይም አለ፤ አጭሩ ቁጥር ሰው አላቀርብም አለ፤ ማሽኑ አልሞቅም አለ፤ ጫጩቱ ጢቅ፣ ጢቅ ይላል።»

ወይዘሮ ተዋበች እስከ ቅንድባቸው ዱቄት ለብሰው እጃቸውን አጣምረዋል። «አግዳሚውስ ይገልበጥ፤ ጆንያውን ምን ላድርገው? ይሄ የምታዪው እህል እንዳይመስልሽ፤ ተራ ነው። ባለቤቶቹ ጆንያቸውን አስቀምጠው ቤታቸው ገብተዋል። በቀደም አንዱ ጆንያ ተነሥቶ ቦታው አልተመለሰም ተብሎ ሁለት ሴቶች ነጠላ ተቀዳደዋል። እዚህ ቤት ጆንያ የሚነሣው ወፍጮ ሲነሣ ነው።»

«ወፍጮው መቼ ይነሣል?»

«ድንጋዩ ሲመጣ። ሊወቀር ሄዶ ነበር።»

«ድንጋዩስ መቼ ይመጣል?»

ወይዘሮ ተዋበች በአገጫቸው ዳገቱን አመለከቱ። «ያውልሽ! ኑርዬ በጭነት ባጃጁ ጭኖት እዚያ ላይ ቆሟል። ብጣራ ብጣራ አይሰማኝም።»

እማዋይሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ዳገቱን ተያያዘችው። በየእርምጃዋ በሐሳቧ ታሰላዋለች። ባጃጁ አልንቀሳቀስም አለ፤ ድንጋዩ አልመጣም አለ፤ ወፍጮው አልነሣም አለ፤ ጆንያው ተራዬን አልለቅም አለ፤ አግዳሚው አልገለበጥም አለ፤ ረጅሙ ቁጥር አልታይም አለ፤ አጭሩ ቁጥር ሰው አላቀርብም አለ፤ ማሽኑ አልሞቅም አለ፤ ብብቷ ውስጥ ያለው ጫጩት ግን ጢቅ ይላል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ጢቅ ይላል። ማረፉ እየረዘመ መጣ። እሷም እርምጃዋን አፈጠነች።

ኑርዬ መሪው ላይ ተደግፎ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል። ገና ሲያያት ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ።

«ኑርዬ ወንድሜ፣ ውረድ እንጂ!»

«እሽሽ! ተራዬ ደርሷል።»

«ማን አለህ?»

«ሴትዮዋ ናታ። ‹ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው› ትለኛለች፤ ከዚያ ክራር ታስመታልኛለች።»

እማዋይሽ ቆም አለች። «በአራት አኃዙ ነው የደወልከው?»

«የጎማ አስመጪዎቹ ነው። ጎማ ገብቶ እንደሆን ልጠይቅ ብዬ።»

«እየነዳህ ጠብቃታ!»

«ይህን ቁልቁለት በአንድ እጅ? ድንጋይ ጭኜ? ደግሞ ሞተር ከተነሣ ‹አቤት› ስትል አልሰማትም።»

«እንግዲያው ዝጋው።»

«እንዴት ይዘጋል እህቴ? ከጠዋት ጀምሮ ካርድ ስመግባት ቆይቼ! አሁን ከዘጋሁት የበላችው ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።»

«የበላችውንማ በልታዋለች። አሁን እየበላች ያለችው ገና ያልበላችውን ነው።»

ኑርዬ በትንሽ ድምፅ፣ «ምናልባት አሁን ብታነሣስ?» አለ።

ይህቺን «ምናልባት» እማዋይሽ ታውቃታለች። ጠዋት ሁለተኛውን ካርድ ያስፋቀቻት እሷ ናት። ስለዚህ አልተቆጣችውም። «ስማኝ» አለችው። «አንተ አልዘጋም አልክ፤ ባጃጁ አልንቀሳቀስም አለ፤ ድንጋዩ አልመጣም አለ፤ ወፍጮው አልነሣም አለ፤ ጆንያው ተራዬን አልለቅም አለ፤ አግዳሚው አልገለበጥም አለ፤ ረጅሙ ቁጥር አልታይም አለ፤ አጭሩ ቁጥር ሰው አላቀርብም አለ፤ ማሽኑ አልሞቅም አለ። ጫጩቱን ደግሞ ራስህ ስማው።»

እንቁላሉን ከብብቷ አውጥታ ባዶው ጆሮው ላይ አደረገችለት።

ኑርዬ በአንዱ ጆሮው ክራር ይሰማል። በሌላው መጀመሪያ ምንም አልሰማም። እማዋይሽም ትንፋሿን ያዘች። ከዚያ፣ በጣም ከሩቅ፣ ጢቅ።

ኑርዬ ዓይኑን አፈጠጠ። «ሰው ያለበት ነው እንዴ ይሄ!» አለና ስልኩን ዘጋው።

ኑርዬ ሲዘጋ ባጃጁ ወረደ። ባጃጁ ሲወርድ ድንጋዩ ደረሰ። ድንጋዩን ለማስገባት ሰው ሁሉ ተረባረበ፤ የሳቀው ሽማግሌ እንኳ ተነሣ፤ እማዋይሽም እንቁላሉን ለወይዘሮ ተዋበች አስይዛ ትከሻዋን ከወንዶቹ መካከል አስገባች። ድንጋዩ ሲገጠም ወፍጮው ተነሣ። ወፍጮው ሲነሣ ጆንያው በየተራው ተነሣ። የመጨረሻው ጆንያ ሲነሣ አግዳሚው ተገለበጠ። እማዋይሽ የተጋገረውን ዱቄት በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ ቁጥሩ፣ በዜሮ አሥራ አንድ የሚጀምረው፣ ታየ።

ታየ፣ ግን አንዱ አኃዝ ላይ የጋሽ እንድሪስ ሚስማር ዘልቆበታል። ሦስት ይሁን ስምንት አይለይም።

ሽማግሌው፣ «በቃ፣ ቀረልሽ» አላት።

«ምን ቀረብኝ? ሁለቱንም እሞክራለኋ! ይሄ እንደዚያኛው ጎራሽ አይደለም።» ወደ ውጭ ወጣችና ካርዱን ከመቀነቷ ፈትታ ፋቀች። መጀመሪያ በሦስት ደወለች። አንድ ጎርናና ድምፅ፣ «ተሳስተዋል እናቴ፣ ይሄ ፀጉር ቤት ነው» አላት። አመስግና ዘጋች። የተረፈውን ሒሳብ አየች፤ ያን ያህል አልጎደለም። በስምንት ደወለች።

ሙዚቃ የለም። ለስላሳ ድምፅ የለም። አንድ ጊዜ ጠራ፣ ሁለተኛ ሲጠራ ተነሣ።

«አቤት?»

«ሰው ነህ?» አለች እማዋይሽ።

«ሰው... ነኝ። ምን ልርዳዎት?»

«መፈልፈያዬ በርዶ ያፏጫል። ጫጩቶቹ ሊወጡ ደርሰዋል። እባክህ እንዳትዘጋው፣ ወደ ቤቴ እየሮጥኩ ነው!» እንቁላሏን ተቀብላ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ሮጠች። ባለሙያው አልዘጋም። እያለከለከች የማሽኑን ምልክት ነገረችው፤ እሱም በሩን ስትከፍት ሰማት።

«ከጀርባው በስተቀኝ ትንሽ ጥቁር ቁልፍ አለች። ፊሽካው እስኪቆም ተጭነው ይያዙና ይልቀቁ። ሌሊት መብራት ተቆራርጦ ይሆናል፤ እንደዚያ ሲሆን ማሞቂያውን ያጠፋል።»

ተጫነች። ፊሽካው ቆመ። ቀዩ መብራት ጠፍቶ አረንጓዴው በራ፤ ማራገቢያውም ማጉረምረም ጀመረ።

«ለወደፊቱ እትዬ፣ በአጭሩ ቁጥራችን ቢደውሉልን...»

«ደውዬ ነበር። ዘፈናችሁን ልዝፈንልህ?»

ባለሙያው ሳቀ። «ግድ የለም። ይህንኑ ይያዙት።»

እማዋይሽና ዘምዘም እንቁላሎቹን ከጋቢው እያወጡ መለሷቸው። አንዳቸውም አያንኳኩም። ዘምዘም ከንፈሯን ልትመጥ ስትል እማዋይሽ እጇን ያዘቻት። «ቆይ» አለቻት። ማሽኑ አጠገብ ተቀመጡ። ፀሐይ ከጓሮው ሸሸች፤ ከአጥሩም በታች ወረደች። ውስጡ ሞቀ። ከዚያ ከታችኛው ረድፍ አንዱ ጢቅ አለ። ከላይ ሌላው መለሰለት። ቀጥሎ የሁሉም ድምፅ ተደበላለቀና የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አቃታቸው፤ በነጋታውም ዘምዘም መሐረቧን ዘርግታ እርጥብ ጫጩቶችን ስትቀበል ዋለች።

ተረቱ እዚህ ላይ ይመለሳል። አፍ የሚያብሰው ዳቦ ደግሞ፣ ወፍጮው ተነሥቷልና፣ ዱቄቱ ሲደርስ ይጋገራል።